ስለ አንዲት የኳስ መምህርት ወንበር

የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ስንት ጦርነት፥ ስንት ረኃብና ቸነፈር አልፎ እስከ እኛ ዘመን የደረሰበትን ምክንያት መርምሮ ላየ ሰው፥ ከመጻሕፍቱ ብዛት ይልቅ የመምህራኑ በአንድ ስፍራ ጸንቶ መቀመጥ ዋነኛው ሆኖ ይገኛል። ድጓ የሚሻ ተማሪ ወደ ቤተልሔም፥ ዝማሬና መዋሥዕት የሚሻ ወደ ዙር አምባ፥ ቅኔ የሚሻ ወደ ዋድላ ወይም ወደ ጎንጅ ይጓዝ የነበረው፥ መምህሩን በዚያው በወንበሩ ላይ እንደሚያገኘው ስለሚያውቅ ነው። ተማሪው ይዞራል እንጂ መምህሩ አይዞርም ነበር። በልጅነታችን ቁራሽ እየለመንን የተማርን እኛም፥ ወንበር ሲባል የእንጨቱን ዕቃ ሳይሆን ይህንኑ ጽናት ነው የምናስበው።

ዛሬ ግን በዚህ ዐምድ ልጽፍ የተነሣሁት ስለ ቅኔ ወንበር አይደለም፤ ሴቶች ልጆችን ቅርጫት ኳስ ስለምታስተምር ሴት ወንበር ነው። የተከበራችሁ አንባብያን፥ ይልቁንም ካህናት አባቶቻችን፥ ነገሩ ቀላል መስሎ ታይቶአችሁ ገጹን እንዳትገለብጡት እለምናለሁ።

ባለፈው በጋ ስለ ሥራ ጉዳይ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ወርጄ፥ ከዚያም የቦርከናን ሸለቆ ይዞ ወደ ከሚሴ በሚወስደው መንገድ ሐርቡ ደርሼ ነበር። ሐርቡ ደጋውን ለለመደ ሰው ሙቀቷ የሚከብድ፥ ገበያዋ ግን የደጋውንና የቆላውን ሰው የሚያገናኝ ከተማ ናት። ከዚያ ጥቂት ራቅ ብሎ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ፥ በባሕር ዛፍ ግንድ ላይ የተመታ አንድ የብረት ቀለበት አየሁ። መረብ የለውም። ከሥሩ ወንዶች ልጆች ኳሱን በእግራቸው ያንከባልላሉ፤ ሴቶቹ ልጆች በግንቡ ጥላ ተቀምጠው ያያሉ። ቀለበቱ የምን እንደ ሆነ ዘበኛውን ሽማግሌ ብጠይቃቸው እንዲህ ሲሉ አጫወቱኝ። አንዲት ወጣት መምህርት ሁለት ዓመት ያህል ሴቶቹን ልጆች ከትምህርት በኋላ እየሰበሰበች ኳስ ታስተምራቸው ነበር፤ ቀለበቱንም ያሠራችው እርሷ ናት፤ ሥራዋ በበላዮቿ ዘንድ እጅግ ስለ ተመሰገነ ዕድገት ተሰጣትና ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ተዛወረች፤ አሁን በጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ ናት። ከሄደችም በኋላ ኳሱ ወደ ወንዶቹ ገባ። ሽማግሌው ይህን ሲነግሩኝ ስለ ልጅቱ ዕድገት ደስ ብሎአቸው ነበር። እኔም «እንኳን ደስ አላችሁ» ብዬ ተለየሁአቸው፤ ነገር ግን እስከ ደሴ ድረስ በመኪና ውስጥ የተከተለኝ በጥላው ሥር የተቀመጡት ልጆች ነገር ነው።

ሥራውን በመልካም የሠራ መምህር እንደ ሽልማት ከሥራው እንዲነሣ የሚያደርገውን ይህን የእኛን ልማድ ሳስብ፥ የአንዲት አሜሪካዊት ታሪክ ወደ ልቡናዬ መጣ። እኒህም በቴነሲ ዩኒቨርስቲ የሴቶች ቅርጫት ኳስ አሠልጣኝ ሆነው ከ1967 እስከ 2004 ዓ.ም. ድረስ 38 የውድድር ዘመን በአንድ ወንበር የተቀመጡት ወይዘሮ ፓት ሰሚት ናቸው። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአገራችን አቆጣጠር ነው።

ወይዘሮ ፓት ሰኔ 7 ቀን 1944 ዓ.ም. በቴነሲ ግዛት፥ ክላርክስቪል በምትባል ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ላም የሚያልቡና ትምባሆ የሚያመርቱ ብርቱ ገበሬ ነበሩ። ሦስት ታላላቅ ወንድሞች ስለ ነበሩአቸው፥ ቀን ሲያርሙና ሣር ሲከምሩ ውለው ማታ በድርቆሽ ጎተራው ሰገነት ላይ ከወንድሞቻቸው ጋር ኳስ ይጫወቱ ነበር። ለከፍተኛ ትምህርት ቤት በደረሱ ጊዜ በሰፈራቸው ያለው ትምህርት ቤት የሴቶች ቡድን አልነበረውም። አባትየው ይህን ባወቁ ጊዜ፥ ልጃቸው ትጫወት ዘንድ ቤተ ሰቡን ይዘው የሴቶች ቡድን ወዳለባት ሄንሪዬታ ወደምትባል መንደር ተዛወሩ። ለገበሬ ቤቱን ማንሣት ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ለወሎ ሰው መንገር አያሻም። ሰውዬው ልጆቻቸውን በቃል ማሞገስ የማያውቁ ዝምተኛ ነበሩ ይባላል፤ ነገር ግን ከዚህ የበለጠ ምን ቃል አለ?

ወደ ኮሌጅም በገቡ ጊዜ፥ የወንድሞቻቸውን የትምህርት ወጪ ስለ ኳስ ችሎታቸው ትምህርት ቤቱ ሲችልላቸው፥ ለሴት ግን እንዲህ ያለ ድጋፍ ስላልነበረ የእርሳቸውን ወላጆቻቸው ከኪሳቸው ከፈሉ። ትምህርታቸውን በ1966 ዓ.ም. ፈጽመው ወደ ቴነሲ ዩኒቨርስቲ የሄዱት ለሁለተኛ ዲግሪ እየተማሩ ረዳት ሊሆኑ ነበር። ነገር ግን የቡድኑ ኀላፊ የነበሩት ሴት ለጊዜው ሥራውን ስለ ተዉ፥ ወይዘሮ ፓት በ22 ዓመታቸው ዋና አሠልጣኝ ሆኑ። ደመወዛቸው በወር 250 ዶላር ነበር። የተጫዋቾቹን ልብስ የሚያጥቡ እርሳቸው፥ መኪናውን የሚነዱ እርሳቸው ናቸው። ልብሱም ራሱ ልጆቹ የተጠበሰ ጣፋጭ ዳቦ ሸጠው ባገኙት ገንዘብ የተገዛ ነበር። ኅዳር 28 ቀን 1967 ዓ.ም. ባደረጉት የመጀመሪያ ጨዋታ 84 ለ 83 ተሸነፉ። ከተጫዋቾቹም አንዳንዶቹ ከእርሳቸው የሚያንሱት በአንድ ዓመት ብቻ ስለ ነበረ፥ እንዲከበሩ ፊታቸውን ማክበድ ግድ ሆነባቸው።

በዚህ ሁሉ መካከል ራሳቸውም ገና ተጫዋች ነበሩ። ጉልበታቸው ተጎድቶ ሐኪሞች ተስፋ ባልሰጡአቸው ጊዜ በብዙ ድካም ድነው፥ በ1968 ዓ.ም. በሞንትሪያል ኦሎምፒክ ለአገራቸው ተሰልፈው የብር ሜዳልያ ተቀበሉ። የሴቶች ቅርጫት ኳስ በኦሎምፒክ የገባው ያን ጊዜ ነው። (የእኛን አገር ሰው ሞንትሪያል የሚያስታውሰው በሌላ ነገር ነው፤ የአፍሪካ አገሮች ባለ መካፈላቸው ምሩፅ ይፍጠር ሳይሮጡ የቀሩበት ዓመት ነውና።) ከ8 ዓመት በኋላ በሎስ አንጀለስ ግን አሠልጣኝ ሆነው የወርቁን ሜዳልያ አመጡ።

አሁን ሹማምንት ልብ እንዲሉልኝ የምሻው ነገር ይህ ነው። ወይዘሮ ፓት በዚያ ወንበር ከተቀመጡ በኋላ የአገሪቱን ኮሌጆች ዋንጫ ያነሡት በ13ኛው የውድድር ዘመን፥ በ1979 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ ከመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች ጋር ደርሰው ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል። እኛ ዘንድ ቢሆን ኖሮ በሦስተኛው ዓመት «ውጤት የለም» የሚል ሪፖርት ይጻፍባቸው ነበር፤ ወይም እንደ ሐርቡዋ ልጅ ተመስግነው ይነሡ ነበር። ዩኒቨርስቲው ግን አላነሣቸውም። ከዚያ ወዲያ በ1981፥ በ1983፥ በ1988፥ በ1989፥ በ1990፥ በ1999 እና በ2000 ዓ.ም. ዋንጫውን ደጋግመው ወስደው ስምንት አደረሱት። በ1990ው ዘመን 39 ጊዜ ተጫውተው 39 ጊዜ አሸነፉ። በጠቅላላው 1,098 ጊዜ ድል አድርገው 208 ጊዜ ተሸነፉ፤ በ38ቱም ዘመናት ሽንፈቱ ከድሉ የበለጠበት አንድም ዘመን የለም። ደመወዛቸውም ከ250 ዶላር ተነሥቶ በ1998 ዓ.ም. በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ደረሰ፤ ከሴቶች ቅርጫት ኳስ አሠልጣኞች ይህን ያህል ያገኘ ከእርሳቸው በፊት አልነበረም። ዕድገትን ከስፍራ ሳይለቁ መስጠት እንደሚቻል ለሚጠራጠር ሰው ማስረጃው ይኸው ነው። ይህም ብቻ አይደለም፤ ሁለት ጊዜ የወንዶቹን ቡድን እንዲይዙ ተጠይቀው፥ ይህ ከሴቶቹ ቡድን በምን ይበልጣል በማለት እምቢ አሉ።

ስለ ዋንጫው ይህ ይበቃል። እኔን የሚበልጥ የነካኝ ስለ ትምህርቱ የነበራቸው ሥርዓት ነው። ተጫዋች የሆነች ተማሪ ሁሉ ከክፍል መቅረት አይፈቀድላትም፤ በክፍልም ውስጥ ከፊተኞቹ ሦስት ረድፎች በአንዱ መቀመጥ ግዴታዋ ነበር። ኋላ የሚቀመጥ ተማሪ ምን እንደሚያደርግ በዜማ ቤትም በቅኔ ቤትም ያለፍን እናውቀዋለን። ስለዚህ የተጫዋችነት ዘመናቸውን ከእርሳቸው ጋር የፈጸሙት ሴቶች ልጆች ሁሉ፥ አንዲት ሳትቀር፥ ዲግሪያቸውን ተቀብለዋል። በአሜሪካ ኮሌጆች ኳስ ተጫውቶ ያለ ዲግሪ የቀረው ወጣት ብዙ ስለ ሆነ፥ ይህ ከስምንቱ ዋንጫ ይልቅ ሊነገርላቸው የሚገባ ይመስለኛል።

ቅጣታቸው ግን የበረታ ነበር። አንድ ጊዜ ተጫዋቾቹ ሌሊት ሲጨፍሩ አምሽተው መምጣታቸውን ባወቁ ጊዜ፥ በሜዳው ማዕዘናት የቆሻሻ ቅርጫት አስቀምጠው፥ የሚያስታውከው እያስታወከ እስኪደክሙ ድረስ አሮጡአቸው። አንዳንድ ሰዎች ይህን በአድናቆት ይተርኩታል። እኔ ግን በልጅነቴ የአርጩሜ ትምህርት ስለ ቀመስሁ አላደንቀውም፤ ልጆቹ ይወዱአቸው የነበረው ከዚህ የተነሣ ሳይሆን፥ ማታ በችግራቸው ጊዜ ቤታቸው ክፍት ሆኖ ስለሚያገኙት ነው ብዬ አምናለሁ።

እነሆ፥ ከዚህ በኋላ ያለው የነገሩ አስቸጋሪ ክፍል ነው፤ መንግሥታችን ለሴቶች ስፖርት ገንዘብ ለመመደብ ባሰበ ቍጥር ሊያስበው የሚገባው ነው። በአሜሪካ ሰኔ 16 ቀን 1964 ዓ.ም. የተፈረመ አንድ የትምህርት ሕግ አለ። ዘጠነኛው ክፍሉ ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት ሁሉ ሴትን ከወንድ እንዳያበላልጥ ያዛል። በዚህ ሕግ ምክንያት የሴቶች ቡድኖች በዙ፤ ሜዳውም ደመወዙም ተሻሻለ። ሕጉ በወጣበት ጊዜ የኮሌጅ ሴቶችን ቡድኖች ከሚያሠለጥኑት ከመቶው ከ90 የሚበልጡት ሴቶች ነበሩ። ዛሬ ግን ከግማሽ በታች ናቸው። ምክንያቱ ሥውር አይደለም። ሥራው ልብስ ማጠብና በ250 ዶላር መኖር በነበረበት ጊዜ ለሴቶች ተተወ፤ ደመወዝና ክብር በመጣ ጊዜ ወንዶቹ መጡ፤ ቀጣሪዎቹም ወንዶች ስለ ነበሩ የሚያውቁትን ቀጠሩ። ሕጉ ለልጃገረዶቹ ሜዳ ሰጠ፤ የመምህርቶቹን ወንበር ግን አልጠበቀም። ወንድ አሠልጣኝ ሴቶችን ማስተማር አይችልም ማለቴ አይደለም፤ በአርሲ በበቆጂ የስፖርት መምህር ሆነው እነ ደራርቱ ቱሉን፥ እነ ጥሩነሽ ዲባባን በልጅነታቸው ያስጀመሩት አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ወንድ ናቸው። እርሳቸውም ያን ሁሉ ሯጭ ያወጡት በዚያው በበቆጂ ስለ ቆዩ እንደ ሆነ አይዘነጋ። ነገር ግን አንዲት ልጅ በዓይኗ ያላየችውን ወንበር አትመኝም።

ሴት በመምህር ወንበር መቀመጧ ለእኛ እንግዳ ነገር ነው የሚል ካህን ቢኖር፥ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን ያስታውስ። በጎጃም፥ ዓይናቸው የታወረ ሴት ሆነው፥ ወንዶች ተማሪዎችን ቅኔ ሲያስተምሩ ኖረዋል፤ ከእርሳቸው ጉባኤ የወጣ ባለቅኔ «ከሴት ተማርሁ» ብሎ ያፈረ የለም። በወሎም ብንመለከት፥ በ1924 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት ያሠሩት እቴጌ መነን የዚህችው አገር የአምባሰል ልጅ ናቸው፤ የእናታቸውም የወይዘሮ ስሒን ስም እስከ ዛሬ በደሴው ትምህርት ቤት ይጠራል።

ሌላው የሚነሣው ጥያቄ የልብስና የጨዋነት ነገር ነው። ይህ የሚያሳስባቸውን አባቶች አልነቅፍም። ጨዋታውን ጄምስ ኔይስሚዝ የሚባሉ መምህር በታኅሣሥ 1884 ዓ.ም. ባወጡት ጊዜ ለወንዶች ነበር። ሴቶቹን ያስተማሩት ሴንዳ ቤረንሰን የሚባሉ የስሚዝ ኮሌጅ መምህርት ናቸው። በመጋቢት 1885 ዓ.ም. የመጀመሪያው የሴቶች ግጥሚያ ሲደረግ ወንድ ተመልካች እንዲገባ አልተፈቀደም። ስለዚህ በዚያም አገር የጀመሩት እንደ እኛው በጥንቃቄ ነው። ኋላ ግን ጥንቃቄው ከልክ አልፎ፥ ሴቶቹ ስድስት ስድስት ሆነው፥ ሦስቱ በሜዳው ግማሽ፥ ሦስቱ በሌላው ግማሽ ተወስነው እንዲጫወቱ፥ መካከለኛውንም መስመር እንዳያልፉ የሚያዝ ደንብ ወጣ፤ መላውን ሜዳ መሮጥ ሴትን ይጎዳል ተብሎ። በቴነሲ ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች ይህ ደንብ እስከ 1971 ዓ.ም. ጸንቶ ነበር፤ ይለወጥ ብለው ከተሟገቱትም አንዷ ወይዘሮ ፓት ናቸው። በሐርቡና በዙሪያዋ ላሉት ሙስሊሞች እኅቶቻችን ደግሞ የዓለም የቅርጫት ኳስ ማኅበር በ2009 ዓ.ም. ራስን ሸፍኖ መጫወትን ፈቅዶአል። ረዥም ሱሪ ለብሶ፥ ራስን ተከናንቦ፥ በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ በሴት መምህርት እጅ የሚደረግን ጨዋታ የሚከለክል ሃይማኖት በወሎ ያለ አይመስለኝም። ወሎ በእንዲህ ያለው ነገር ተመካክሮ መኖርን ከሌሎቻችን አስቀድሞ የተማረ አገር ነው።

ወጪውም ቢሆን የሚያስፈራ አይደለም። ሜዳው ርዝመቱ 28፥ ስፋቱ 15 ሜትር ነው፤ ቀለበቱ ከመሬት 3 ሜትር ከ5 ሳንቲሜትር ይሰቀላል። ተጫዋቾቹ በየወገኑ አምስት ናቸው። ለእግር ኳስ ሜዳ የሚሆን ሰፊ መሬት በታጣበት ተራራማ አገር እንኳ ይህን ያህል አይታጣም። የሚታጣው መምህርቷ ናት።

የወይዘሮ ፓት ፍጻሜ የሚያሳዝን ነበር። በነሐሴ 2003 ዓ.ም.፥ በ59 ዓመታቸው፥ አልዛይመር የተባለ የመርሳት በሽታ እንደ ያዛቸው በሕዝብ ፊት ተናገሩ። አንድ የውድድር ዘመን ከበሽታው ጋር ሠርተው በሚያዝያ 2004 ዓ.ም. ወንበሩን ለቀቁ፤ ሰኔ 21 ቀን 2008 ዓ.ም. በ64 ዓመታቸው ዐረፉ። የሺህ ጨዋታ ነገር በቃል ይይዝ የነበረው አእምሮ ስም መያዝ አቃተው። ወንበሩ ግን ባዶ አልቀረም። በተማሪነታቸው የተጫወቱላቸው፥ ኋላም 27 ዓመት ረዳታቸው ሆነው የሠሩት ሆሊ ዋርሊክ ተተኩ፤ ከእርሳቸውም በኋላ ከ2011 እስከ 2016 ዓ.ም. ሌላዋ ተማሪያቸው ኬሊ ሃርፐር ተቀመጡበት። የቅኔ ቤት ሰው ይህን ሲሰማ «የእገሌ ተማሪ የእገሌ ደቀ መዝሙር» የሚለው የመምህራን ሐረግ ትዝ ሳይለው አይቀርም።

እንግዲህ ለሹማምንት የማቀርበው ነገር ቀላል ነው። ደሴም ኮምቦልቻም በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነት ገብቶባቸው፥ የወሎ ዩኒቨርስቲም ንብረቱ ተዘርፎ ስለ ነበረ፥ በዚያ አገር ከስፖርት የሚቀድም ብዙ ሥራ እንዳለ አውቃለሁ። ነገር ግን የምለምነው አዲስ ሕንጻ አይደለም። በዩኒቨርስቲውና በመምህራን ኮሌጁ፥ ቢቻልም በየወረዳው በአንድ ትምህርት ቤት፥ የሴቶች ስፖርት መምህርት የሚባል የታወቀ ወንበር ይቁም፤ ለዚህም ሴት ትቀጠርበት። የተቀጠረችውም ሥራዋን በመልካም ብትሠራ ደመወዟና ማዕረጓ በዚያው በወንበሯ ላይ ይጨመርላት እንጂ ወደ ጽሕፈት ቤት አትነሣ። ዋንጫም ቢዘገይ 13 ዓመት መታገሥ ባይቻለን፥ እንኳን አምስቱን እንታገሥ። ካህናት አባቶቻችንና የመስጊድ አባቶችም አንድ ቀን አብረው ወደ ግቢው ገብተው ቢመለከቱና፥ የሚታረም ካለ ለመምህርቷ ቢነግሩአት፥ ወላጆች ልጆቻቸውን ከመላክ አይከለከሉም።

ከሐርቡ በተመለስሁ በወሩ ስለዚያች መምህርት ምትክ ጠይቄ ነበር። የተሰጠኝ መልስ፥ ቦታው በመደብ መዝገብ ላይ ስለሌለ ምትክ አይቀጠርለትም የሚል ነው። ለካ ልጅቱ ሁለቱን ዓመት ሙሉ ያስተማረችው ሥራው ሳይሆን በፈቃዷ ነበር።